የሰርቨሩ ኬብል ለምን ተቋረጠ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ነው። የቤተሰቡን ፎቶዎችና የሱቄን የሒሳብ ፋይሎች በአንድ ቦታ ለማኖር ብዬ በአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ፣ ኮምፒዩተሩን የጋራ ፋይል ማከማቻ (ሰርቨር) የሚያደርገውን ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለ ሲስተም ጫንኩ። ኮምፒዩተሩ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ክፍል የተቀመጠ ሲሆን፣ ዋናው ቤት ውስጥ ካለው ራውተር ጋር የሚገናኘው በግቢው አሻግሬ በዘረጋሁት ኬብል ነው። መጀመሪያ ፋይል ስገለብጥ በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይደርስ የነበረው ፍጥነት ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወደ 11 ወርዶ ቆየ። በቅርቡ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ምሽት መብራት ሄዶ ሲመጣ ግንኙነቱ ጨርሶ ተቋረጠ። መሰኪያው ላይ ያለችው ጠቋሚ መብራት በራ ጠፋ ትላለች፤ ስልኮቻችን ግን በዚያው ራውተር ዋይፋይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ያየው ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለኝ። ልቀይረው? ወይስ ኬብሉን ትቼ በዋይፋይ ላገናኘው?

ጠያቂ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማዘርቦርዱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ከጻፉልን ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የሚሰጠው ግንኙነቱ የተቋረጠበት ምሽት ሳይሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ ፍጥነቱ ወደ 11 ሜጋባይት መውረዱ ነው። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ እርስ በርስ የተጠማዘዙ 4 ጥንድ፣ በድምሩ 8 ሽቦዎች አሉ። በሴኮንድ 1,000 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ግንኙነት አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ለሚያስተላልፈው ግን ሁለቱ፣ ማለትም በተለመደው አገጣጠም ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ይበቁታል። በመሆኑም ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው ጥንድ አንድ ሽቦ ሲበጠስ፣ ብዙ የኔትወርክ ካርዶች (ኬብሉ የሚሰካባቸው የኮምፒዩተር ክፍሎች) ግንኙነቱን ከማቋረጥ ይልቅ ፍጥነቱን ወደ 100 ሜጋቢት ያወርዱታል፤ አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ስለሆነ፣ ይህም በፋይል ቅጂ ሲታይ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው። እርስዎ ያዩት ቁጥር ይኸው ስለሆነ፣ ኬብሉ መበላሸት የጀመረው መብራት ከሄደበት ምሽት ቀደም ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠቋሚዋ በራ ጠፋ ማለቷም ከቀሩት ጥንዶች አንዱ መላላቱን የሚጠቁም ይመስለኛል።

ይህን ለማረጋገጥ ሰርቨሩን ራውተሩ አጠገብ አምጥተው፣ እንደሚሠራ በሚያውቁት አጭር ኬብል ያገናኙት። ጠቋሚዋ ሳትቆራረጥ ከበራችና ፍጥነቱ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ጤነኛ ነው። ካልበራች የራውተሩን ሌላ ፖርት (የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ) ይሞክሩ፤ በዚያም ካልሆነ ኡቡንቱን ሳይጭኑት ከፍላሽ ብቻ አስነሥተው ይፈትሹት፤ ይህ ዲስኩ ላይ ያለውን ሲስተም አይነካም። በፍላሹም እምቢ ካለ የተበላሸው የኔትወርክ ክፍሉ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ተጨማሪ የኔትወርክ ካርድ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር መግዛት ማዘርቦርድ ከመቀየር እጅግ ይረክሳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ አለዚያ ችግሩን የፈታው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። «ፎርማት እናድርገው» የሚል ሰው ቢመጣ ግን አደራዎን አይፍቀዱ። የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ዲስክ በኬብል ችግር ምክንያት መነካት የለበትም።

አሁን ወደ ኬብሉ እንመለስ። የሁለቱንም ጫፎች መሰኪያ በደንብ ብርሃን ላይ ይመልከቱ፤ በጥርሶቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ወይም የኬብሉ ልባስ ከመሰኪያው አፈትልኮ ባለቀለሞቹ ሽቦዎች ከተጋለጡ ጫፉ ተቆርጦ እንደገና መታሰር አለበት። ከተቆረጠው ጫፍ አንዱን ሽቦ ልጠው በምላጭ ፋቅ ያድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ ኬብሉ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሲታጠፍ ቶሎ ይበጠሳል፣ መጋጠሚያው ላይም ይበላሻል። በጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ደግሞ የቀን ፀሐይ፣ የሌሊት ብርድና የሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ስለሚፈራረቁበት፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ ኬብል ልባሱ ተሰነጣጥቆ ውኃ ያስገባል። እንዲህ ከሆነ መጠገኑን ትተው ንጹሕ መዳብ የሆነ፣ ለውጭ የተዘጋጀ፣ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባል ደረጃ ያለው ኬብል ገዝተው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር አርቀው ይዘርጉት፤ ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። መሰኪያው ሲታሰር በሁለቱም ጫፍ ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ይሁን፤ ጥምዝምዙም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈታ። መብረቅ ሊመጣ ሲል፣ ገና ሳይጀምር ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት፤ በሁለት ቤቶች መካከል የተዘረጋ መዳብ የሁለቱንም ዕቃ ፖርት ሊያቃጥል ይችላል።

ጠቋሚዋ ጸንታ እየበራች ሰርቨሩ ካልተገኘ ጉዳዩ የአድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። አድራሻ ከሌለው ወይም በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አልሰጠውም ማለት ነው፤ አድራሻውን በእጅ ሞልተውት ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንዱ ስልክ ሰጥቶት እንደሆነ በራውተሩ ገጽ ያጣሩ። አዲስ ካርድ ከጨመሩ ኡቡንቱ የካርዱን ስም ሊለውጠው ስለሚችል፣ በኔትፕላን ፋይል (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ የተጻፈው አሮጌ ስም መታረም ይኖርበታል። ኔትወርክ ያጣ ኡቡንቱ ሰርቨር ሲነሣ እስከ 2 ደቂቃ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ደርቋል ብለው በመሀል አያጥፉት።

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ ኬብሉ እስኪቀየር ድረስ የሱቅዎ ሥራ እንዳይቆም ቢጠቀሙበት ጥሩ ነው። ለዘለቄታው ግን አልመክርም፤ በግቢና በግድግዳ አልፎ የሚደርስ ዋይፋይ ብዙ ፎቶ በሚገለበጥበት ጊዜ ይዳከማል፣ ይቆራረጣልም። በዋይፋይ ሲገናኝ ሰርቨሩ ከራውተሩ የሚያገኘው አድራሻ በኬብል ከነበረው የተለየ ስለሚሆን፣ የሱቁ ኮምፒዩተር በአሮጌው ቁጥር ፈልጎ አያገኘውም፤ አዲሱን ቁጥር ከራውተሩ ዝርዝር ላይ አይተው በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ይሙሉት።