ቴፕ ድራይቭህን በተራው ሳይሆን በታርጋው ጥራው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ድራይቭ (ቴፕ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) ያለው የኤልቲኦ ላይብረሪ፣ ማለትም የዳታ ቴፖችን በሮቦት እጅ ከመደርደሪያ አንስቶ ድራይቭ ላይ የሚጭን ሳጥን፣ አንድ ሊነክስ ሰርቨር፣ ባክአፑን የሚያስተዳድረው ባኩላ የሚባል ፕሮግራም። ለወራት ሲሰራ ከርሞ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ሮቦቱ ቴፑን በደንብ ይጭናል፤ ባኩላ ግን ድራይቩ ባዶ ነው ብሎ ይጠብቅ ይጠብቅና በስህተት ያቆማል። «ድራይቩ ተቃጥሎ ይሆን?» ነው ያልከው። አይመስለኝም። የግዢ ጥያቄ ጽፈህ ከሆነ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አቆየው።

እኔም አንድ ሙሉ ቀን እዚሁ ላይ አቃጥያለሁ። ገመድ ነቀልን፣ ገመድ ሰካን፣ የጽዳት ካሴት አስገባን። ድራይቩ ምንም አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊነክስ ድራይቮቹን ሲያገኝ በመጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። ፕሮግራሞች ድራይቩን የሚከፍቱት በዚህ ቁጥር በተሰየመ ፋይል ነው፤ ቀድሞ የታየው ኤንኤስቲ0 (nst0)፣ ቀጥሎ የታየው ኤንኤስቲ1 (nst1)። ይኼ ስም አይደለም፣ ተራ ነው። ታክሲ ተራን አስበው። ዛሬ ጠዋት ከፊት የቆመው ሚኒባስ ነገም ከፊት ይቆማል ያለህ የለም። ዕቃ ረስተህበት ብትወርድ የምትፈልገው በታርጋው ነው።

ሮቦቱ በበኩሉ ድራይቮቹን በተቀመጡበት ቦታ ነው የሚቆጥራቸው። ለሱ ድራይቭ 0 ሁልጊዜ ያው ድራይቭ 0 ነው። እና ሰርቨሩ ሲነሳ ሁለቱ ተራ ከተለዋወጡ ባኩላ ሮቦቱን «ድራይቭ 0 ላይ ጫን» ይለዋል፣ ሮቦቱም ይጭናል። ከዚያ ባኩላ ኤንኤስቲ0ን ከፍቶ ያያል። ኤንኤስቲ0 ግን አሁን የጎረቤቱ ሆኗል፤ ባዶ ነው። ቴፑ ዝግጁ እስኪሆን የሚጠብቀው ስክሪፕት ካልነካካኸው 300 ሰከንድ ታግሶ ተስፋ ይቆርጣል። ሎግህን ክፈት። በመጫኑና በስህተቱ መሃል አምስት ደቂቃ ገደማ ካለ፣ ያገኘኸው ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ የባኩላን ስቶሬጅ ዴመን (ከድራይቮቹ ጋር የሚሰራውን ክፍሉን) አቁምና በእጅህ ሞክር። ሮቦቱን በሚያዘው በኤምቲኤክስ (mtx) ትእዛዝ ከአንዱ መደርደሪያ ቴፕ አንስተህ ድራይቭ 0 ላይ ጫን። አንድ ደቂቃ ስጠው፣ ኤልቲኦ ቴፑን ስቦ እስኪዘጋጅ ትንሽ ይወስዳል። ከዚያ ድራይቩን በሚጠይቀው በኤምቲ (mt) ትእዛዝ የሁለቱንም ፋይሎች፣ የኤንኤስቲ0ንም የኤንኤስቲ1ንም፣ ሁኔታ ጠይቅ። ቴፕ ያለበት በመጨረሻው መስመር ላይ «ኦንላይን» የሚል ቃል ያሳይሃል። ባዶው «ዲአር-ኦፕን» ይላል፣ በሩ ክፍት ነው እንደማለት። ኦንላይን ያለው ኤንኤስቲ1 ከሆነ ድራይቮችህ ተለዋውጠዋል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አሁን እዚያው ላይ የባኩላን ኮንፊግ (የቅንብር ፋይሉን) ከፍተህ 0ን በ1 ልትተካ ይቃጣሃል። ይሰራልም። እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስ። እንዲህ አታድርገው።

ትክክለኛው ቦታ /ዴቭ/ቴፕ/ባይ-አይዲ (/dev/tape/by-id) የሚለው ማውጫ ነው። ዩዴቭ የሚባለው የሊነክስ ክፍል እዚያ ውስጥ በየድራይቩ መለያ የተሰየሙ ሊንኮች (ወደ ድራይቩ ፋይል የሚጠቁሙ ስሞች) ያስቀምጣል። ስማቸው ረጅምና አስቀያሚ ነው፣ ግን ሰርቨሩ መቶ ጊዜ ቢነሳ ያው ድራይቭ ላይ ነው የሚያርፉት። ታርጋ ያልኩህ እሱን ነው። በባኩላ ኮንፊግ «አርካይቭ ዲቫይስ» በሚለው መስመር ላይ እነሱን አስገባ። የየትኛው ድራይቭ ሊንክ ከየትኛው «ድራይቭ ኢንዴክስ» (ሮቦቱ ከሚቆጥረው ቁጥር) ጋር እንደሚሄድ ቅድም በሰራኸው ሙከራ ታውቃለህ። ሮቦቱንም አትርሳ። ኤስጂ3 ወይም ኤስጂ4 የሚለው የሮቦቱ ቁጥርም እንዲሁ ተራ ነው፣ ይዞራል። «ቼንጀር ዲቫይስ» ላይም የባይ-አይዲውን ሊንክ ስጠው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለእያንዳንዱ ድራይቭ ሁለት ሊንክ ታያለህ፤ አንዱ መጨረሻው ላይ ሰረዝ ኤንኤስቲ (-nst) አለበት፣ ሌላው የለበትም። ያለበትን ውሰድ። «ኤን» የሌለበት ፋይል በተዘጋ ቁጥር ቴፑን እስከ መጀመሪያው ያጠነጥነዋል። የድሮ ካሴት በእስክሪብቶ ያጠነጠነ ሰው ይገባዋል።

ይቺን ፊደል የማከብራት በምክንያት ነው። ስራ ስጀምር የተረከብኩት ባክአፕ ፋይሎችን በሚጠቀልለው በታር ትእዛዝ የተሰራች አንዲት ስክሪፕት ነበረች። በየማታው ዳታቤዙን ወደ ኤስቲ0፣ «ኤን» ወደሌለበት ፋይል፣ ትጽፋለች፣ በሳምንት አንድ ቴፕ። ሎጉ ሁሌ ንጹህ ነው፣ አንድም ስህተት የለም። አንድ ቀን የማክሰኞውን ፋይል መልስልን ተባልኩ። ቴፑን ባየው ያለው የዓርብ ብቻ ነው። ለካ በየማታው ቴፑ ተጠንጥኖ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ የዛሬው የትናንቱ ላይ ይጻፋል። አለቃዬ ምንም አላለኝም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። አንደኛ፣ ፈቃድ። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ መለያ) ስትሞክረው ሰርቶ ባኩላ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለህ የባኩላ ተጠቃሚ «ቴፕ» ግሩፕ ውስጥ መኖሩን እይ። የሮቦቱን ፋይል ግሩፕም ለብቻው እይ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሌላው፣ ቢቴፕ የሚባለው የባኩላ መሞከሪያ ቴፑ ላይ ይጽፋል። ባዶ ቴፕ ካልሆነ እንዳትነካው። ድራይቩ በዋስትና ከተቀየረ ደግሞ ታርጋውም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይቀየራል፤ ያን ቀን ኮንፊጉን ማስተካከል አለብህ።

መብራቱን በተመለከተ፣ የኛ ችግር ሰርቨሩ ከላይብረሪው መቅደሙ ነው። ላይብረሪው ሲነሳ እጁን እያንቀሳቀሰ መደርደሪያዎቹን ይቆጥራል፣ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ሰርቨሩ በዚያ መሃል ተነስቶ ድራይቮቹን ሲፈልግ ወይ አያገኛቸውም ወይ አንዱን ብቻ ያገኛል፤ የዘገየው በኋላ ሌላ ተራ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይብረሪው፤ ስክሪኑ «ሬዲ» ሲል ሰርቨሩ። እኔ ይህን በወረቀት ጽፌ ራኩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ማታ ተረኛ የሚሆነው ሁሌ እኔ አይደለሁማ።

ሙከራውን ስትጨርስ ሁለቱ ፋይሎች ያሉህን እዚሁ ጻፍልኝ። ሁለቱም «ዲአር-ኦፕን» ካሉ የኔ ግምት ወድቋል ማለት ነው፤ ያኔ ገመዱንና ድራይቩን ራሱን እንጠረጥራለን።