ወላጆችን ከእርሻ ቀያቸው ወደ ከተማ ስለማምጣት፦ ለጠያቂዋ እህታችን

እህቴ፣ አምባሰል ያሉት ወላጆችዎ ጉልበታቸው ስለደከመ ደሴ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊያስገቧቸው መወሰንዎን፣ የመሬታቸው ነገር ግን እንዳልቆረጠልዎ ጽፈዋል። እኛም ቤት ይኸው ስለደረሰ፣ የእርስዎም ጉዳይ ከእኛው ብዙ አይርቅም ብዬ የማውቀውን በተራ እጽፋለሁ።

1. በሬዎቹን በጥድፊያ አይሽጡ። ከፋሲካ ወይም ከዒድ በፊት ያለውን ገበያ ይጠብቁ፤ ቤተሰቡ ሊለቅ መሆኑን የሰማ ነጋዴ ዋጋ መስበሩ አይቀርም።

2. መሬቱን ልግዛ የሚል ሰው በደላላ በኩል ይመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ሽያጩን የብድር ወይም የኪራይ ውል አስመስሎ ያጽፈዋል። እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ ወላጆችዎ እንዳይፈርሙ። ቤቱና ባሕር ዛፉ ግን በላባቸው ያፈሩት ንብረት ስለሆነ መሸጥ ይችላሉ። አባቴ የከተማውን ቤት ጣሪያ ያለበሱት በባሕር ዛፋቸው ዋጋ ነው፤ ከልጆቻቸው ከአንዳችንም ሳንቲም አልተቀበሉም።

3. ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰብን በዚህ ነው። ወላጆቼ ሐይቅ ከተማ ሲገቡ ማሳውን ለአንድ ዘመድ በቃል ብቻ የእኩል፣ ማለትም እሱ አርሶ ምርቱን ሊካፈሉ፣ ሰጡት። ውል ይጻፍ ብዬ ብወተውትም ሽማግሌዎቹ በዘመድ መካከል ወረቀት ነውር ነው አሉ። ብዙም ሳይቆይ ለአዲሱ የይዞታ ካርታ የመሬት ልኬታ መጣ። ልኬታው ከመኸር አዝመራ በኋላ ነው ተብሎ በቀበሌው ተነግሮን ስለነበር ወላጆቼ በዕለቱ አልነበሩም፤ ለለኪዎቹ ድንበሩን ያሳየው እኩል አራሹ ነው። ከወንዙ ዳር ያለው ገሾ የተተከለበት ቁራሽ በካርታው ላይ ወደ ጎረቤት ማሳ ገብቶ ተገኘ። ያን ገሾ የተከለችው እናቴ ናት፤ ወሬውን የሰማች ዕለት እህል አልቀመሰችም።

አቤቱታ ይዘን ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ስንሄድ ባለሙያው አባቴን በምርኩዝ እንደቆሙ ወንበር እንኳ ሳይሰጥ፣ «አገር ለቀው ከሄዱ በኋላ መሬት ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው። አባቴም «ልጄ፣ ይህን መሬት ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ በስሜ ሳርስ ኖሬያለሁ፤ ስደክም ጎኔን ላሳርፍ ሄድኩ እንጂ አልካድሁትም» ብለው መለሱለት። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሽማግሌ በሕጋዊ መንገድ መሬቱን እያሳረሰ ከተማ ቢያርፍ ይዞታውን እንደጣለ የሚቆጠርበት ምክንያት የለም፤ ጾም የሚያድር፣ ባለቤቱም የጠፋ መሬት ሌላ ጉዳይ ነው።

ያዳነን አሮጌው አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ በአባቴ ስም የተከፈሉት የመሬት ግብር ደረሰኞችና የቅሬው፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ሰዎች ምስክርነት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ማሳው ድረስ ወጥተው ድንበሩን እያመለከቱ መሰከሩ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ባለበት እንደገና ተለክቶ ቁራሹ ተመለሰ። አቤቱታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በዚህም እኮራለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ዕቃ ከመጫንዎ በፊት የኪራዩ ወይም የእኩሉ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ከዚያም በወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ግብሩን አራሹ በእጁ ቢከፍልም ደረሰኙ በወላጆችዎ ስም መቆረጡን በየዓመቱ ይመልከቱ፤ በራሱ ስም ካስቆረጠው ነገ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ልኬታ ሲመጣ ድንበር የሚያሳይ፣ ካርታው ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይፋ ሲሆንም ሄዶ የሚያይ የታመነ ሰው እዚያው ይወክሉ።

ደሴን በተመለከተ ግን ደግመው ቢያስቡበት እመክራለሁ። ብርዷ ለአረጋዊ ይከብዳል፤ ወላጆችዎ ጎረቤት ሳይለምዱ ክረምት ይገባባቸዋል። እኛ ሐይቅን የመረጥነው አባቴ ማሳቸውን ሄደው እንዲያዩ፣ ከቅሬያቸውም እንዳይለዩ ብለን ነው። መዋጮአቸውን አላቋረጡም፤ ለቅሶ ሲሆንም ይሄዳሉ። ለእርስዎ ወላጆች ውጫሌ ቢሆን ከቀያቸው አይርቁም፣ መኪናም መንገዱ ላይ ነው፤ የደሴውን ቤት ቀብድ ካልከፈሉ በቅድሚያ እዚያ ቤት ያፈላልጉ።