የተራራው መሬት እንዴት ይከለል? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ጥያቄዎች

በደቡብ ወሎ የወል መሬት ጥበቃ ላይ ከሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ጋር እሠራለሁ። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

አሜሪካ የምኖር የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ ድርጅቶች ክፍት መሬት ያስጠብቃሉ። ገንዘብ አዋጥተን ጦሳ ተራራ ላይ መሬት ገዝተን ከከብትና ከመጥረቢያ ብንከልለውስ?

ሐሳብህ ደስ ይላል፤ መግዛት ግን አይቻልም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እዚያ ያየኸው አሠራር በግል ባለቤትነት ላይ የቆመ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን እንደያዘ «ቤት አልሠራበትም፣ አልሸነሽነውም» ብሎ ከድርጅቱ ጋር በፈቃዱ ይዋዋላል። መሬቱ ቢሸጥም ውሉ አብሮ ይሄዳል፣ ገዢውንም ያስረዋል። ድርጅቱ በየጊዜው እየሄደ ያያል። እኛ ጋ ግን ስምምነቱ ከመሬቱ ተጠቃሚዎች ጋር ነው። ያዋጣችሁት ገንዘብ ለችግኝ፣ ለጥበቃ ደመወዝና ለንብ ቀፎ ይሁን።

አባቴ ቃሉ ወረዳ ገበሬ ናቸው። «ቦታው ሲከለል ከብቴ የት ይድረስ?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ጥያቄያቸው ትክክል ነው በላቸው። ለእኔ ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው።

በደርግ ጊዜ ወሎ ውስጥ ብዙ ተራራ ተከልሎ ነበር። እርከን ተሠራ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ገበሬውም በምግብ ለሥራ እህል ተሰፈረለት። ግን የት እንደሚከለል የወሰነው ገበሬው ሳይሆን ሌላ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ሰዉ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ፤ ከብቱም ገባ። ያ ሁሉ ልፋት ሲጠፋ አሁንም ያንገበግባል።

ስለዚህ ከመከለሉ በፊት አባትህና ጎረቤቶቻቸው ተቀምጠው ይነጋገሩ። የትኛው ዳገት ይዘጋ? የትኛው ለግጦሽ ይቅር? ሣሩን ማን ያጭዳል፣ እንዴት ይከፋፈላል? ከብት የገባበት ሰው ምን ይቀጣል? ይህ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍና ቀበሌው ያጽድቀው። ከተከለለ ቦታ ሣሩ አይቀርባቸውም፤ እያጨዱ ቤት ወስደው ያበላሉ። ሸክሙ ግን ይከብዳል፤ በአብዛኛው የሚወድቀውም በሴቶችና በልጆች ላይ ነው። ይህንን የማያነሳ ድርጅት ካጋጠማችሁ እናንተ አንሱበት።

ሣሩ ቶሎ ይመለሳል፤ ዛፉ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ድርጅት የሚያስፈልገው በዚያ መሀል ነው፦ የመኖ ዘር፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ የንብ ቀፎ።

ምን ዓይነት ዛፍ እንትከል? ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል።

ባሕር ዛፍ ለጓሮ ገቢ ይሁን። ለተከለለው ዳገት ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የየጎፍን ደን እዩ፤ ጽድና ወይራ የአገሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መትከልም አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦ ላይ ገበሬዎች በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,700 ሄክታር ገደማ ሲከልሉ ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው መሬት ውስጥ ከቀሩ ጉቶዎች ነው። ቡቃያውን መርጠው፣ ትርፉን ቆርጠው፣ ከብት ከለከሉ። በኋላም ማኅበሮቻቸው ደኑ ከአየር ስቦ ከያዘው ካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አገኙ።

ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣስ?

ደንቡ፣ የባንክ ደብተሩና ማኅተሙ በገበሬዎቹ ማኅበር እጅ ካልሆነ ሥራውም አብሮት ይወጣል። ሰሜን ሸዋ ያለውን መንዝ ጓሳን ተመልከቱ። እዚያ ሕዝቡ የጓሳ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በሥርዓት የሚያጭድበት የቆየ ደንብ ነበረው። የውጭ ድርጅት የመጣው ያንን ለማገዝ ነው።

እኛ ከተሜዎች ነን፤ መሬት የለንም። የደሴ ቅሬ (እድር) ምን ሊያደርግ ይችላል?

ብዙ ይችላል! ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰፈራችሁን ነው፤ ከዚያ በቦርከና ወንዝ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ቅሬያችሁ መዋጮ የመሰብሰብ ልምድ አለው፤ ቃሉም ይከበራል። በበጋ ከቀበሌው ጋር አንድ ሸለቆ ምረጡ። ከላይ ከብት የሚያሰማሩትን ሰዎች ጠርታችሁ የሚያጡትን ጠይቋቸው። ለአንድ ጠባቂ ደመወዝ ከቻላችሁ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ጀምሩ።