መልስ፦ የወንድሜን ልጆች የት ላብላቸው?
ሰላም እህቴ። ከአሜሪካ የመጡትን የወንድምሽን ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ ምግቡም ድባቡም ለየት ያለ ቤት የት ልውሰዳቸው ላልሽው፣ አንድ ማታ ቦሌ ዮድ አቢሲኒያ ይሁን። መሶብ ከበው እየበሉ የየብሔረሰቡን ጭፈራ ያያሉ። ሙዚቃው ስለሚጮኽ ወሬ አይታሰብም። ደግሞ ከመድረኩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ፊት ያለ ሰው ተጎትቶ እስክስታ መውረዱ አይቀርም። እኔ ደርሶብኛል፣ ቪዲዮው እስካሁን ቤተሰብ ውስጥ ይዞራል።

ቀን ቀን ግን ልጆች ደስ የሚላቸው ጁስ ቤት ነው። ስፕሪስ እዘዢላቸው። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው በብርጭቆ ተደራርቦ፣ ሎሚ ከጎኑ ይመጣል። በጣም ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ከዚያ በኋላ ምሳ እርሺው። «ስኳር አይጨመርበት» ማለቱን እንዳትረሺ።

ለአንቺ ለቡና፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ አለልሽ። ወጉ ቆሞ መጠጣት ነው።

ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤት ፍለጋ አትድከሚ፣ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። በየአይነቱ ግን ያኔ ነው የሚጥመው። ሽሮው እየተንተከተከ ሲመጣ ልጆቹ ሸክላውን እንዳይነኩ ብቻ!