ለእናታችሁ የልብ መድኃኒት በሻንጣ ከመላካችሁ በፊት

1. ወረቀት፦ ፔስሜከር (ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት መቆጣጠሪያ ማሽን) ያለው ሰው የማሽኑን ካርድ ከፓስፖርቱ አይለይ፤ የመድኃኒቶቹን ስምና ሚሊግራምም ጽፎ ይያዝ።

2. ፔስሜከር፦ ሥራው የልብ ምት ከልክ በታች ሲወርድ ልብን መቀስቀስ ነው። የተዘበራረቀ ምትን አያስቆምም፤ ደም እንዳይረጋም አያደርግም። «ማሽን ተገጥሞላታል፣ የደም ማቅጠኛው ኪኒን ለምኗ ነው?» የምትሉ፣ ስትሮክ እየጠራችሁባት ነው። እናንተም ፔስሜከር ካላችሁ አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ባትሪውንና ሽቦውን አስፈትሹ፤ የአንዱ ኩባንያ መፈተሻ የሌላውን አያነብም። ስልክ ከደረት ኪስ ይውጣ፣ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ።

3. ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኪኒን)፦ ቀደም ብዬ ባለመጻፌ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። አገር ቤት ብዙ ሰው የልብ ምቱ የሚዛባው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልቡ በር ጠቦ ነው። ልጅ ደግሞ ከውጭ «የደም ምርመራ የማይፈልገው አዲሱ ይሻላል» ብሎ ሪቫሮክሳባን የተባለ ሌላ የደም ማቅጠኛ ይልካል። ለዚህ ሕመም አይሻልም! በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ከ4,500 በላይ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ተከታትሎ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለውን ነባር መድኃኒት የወሰዱት ሞታቸው አነስተኛ ሆኖ አግኝቶታል።

ዋርፋሪንንም ቢሆን በቀለም አትላኩ። የአሜሪካው ሮዝ 1 ሚሊግራም ነው፤ የእንግሊዙ ሮዝ 5። አንዱ ልጅ ከዋሽንግተን፣ ሌላው ከለንደን ሲልክ፣ እናት የለመደቻትን «ሮዟን ፍሬ» ብላ አምስት እጥፍ ትውጣለች፤ ከዚያ ደም መፍሰስ ነው።

የደሙን መቅጠን የሚለካው አይኤንአር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በጾም ጎመን ሲበዛ ይወርዳል፣ ደም ይረጋል። ጎመን አይከልከል፤ መጠኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አይለዋወጥ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም ይለካ። ለአሜባ ከፋርማሲ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል በተቃራኒው ሽቅብ ያስወጣዋል። ለወገብ ሕመም የሚወሰደው ዳይክሎፌናክም ከዋርፋሪን ጋር ሆድ ውስጥ ያደማል። ሐኪሟ ሳያውቅ አንዱንም አትውሰድ።

ሻንጣ ሙሉ ኪኒን ከምትልኩ የምርመራና የታክሲ ብር ላኩ። ስትደውሉም «ደህና ነሽ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ፤ «እማዬ፣ አይኤንአርሽ ስንት ወጣ? ቀጠሮሽ መቼ ነው?» በሉ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ወድቃ ጭንቅላቷን ከተመታች፣ ምንም አላመመኝም ብትልም በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ።