በማይል መኪና ካናዳ ለምትገባው ወንድሜ

«ከቡፋሎ ቶሮንቶ ልነዳ ነው፤ የማይልና የኪሎ ሜትሩ ነገር ያስቸግራል ወይ?» ላልከው ወንድሜ፦ አዎ፣ ያስቸግራል። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

1. የድንበሩን ድልድይ ሳትሻገር ዳሽቦርድህን ወደ ኪሎ ሜትር ቀይረው። የኔ የኪራይ መኪና ነበር፤ ፍጥነቱን የሚያሳየው በማይል ብቻ ነው። አከራይዋን እንዴት እንደሚቀየር ስጠይቃት፣ ቀና እንኳ ሳትል «ማኑዋሉ ላይ አለ» አለችኝ። መኪናው ውስጥ ማኑዋል የሚባል ነገር የለም!

2. ትልቁ መንገድ አያዘናጋህ። ከድንበሯ ከተማ ከፎርት ኢሪ ወደ ቶሮንቶ የሚወስደው ኪው ኢ ደብሊው የሚባለው ሃይዌይ ላይ ከሰው ጋር ስለምትነዳ ምንም አይታወቅህም። እኔ ጉድ የሆንኩት ወደ ገጠር መንገድ ስወጣ ነው። ከፊቴም ከኋላዬም መኪና የለም። ሰሌዳው «ማክሲመም 80» ይላል። ሕግ አክባሪ ነኝና ክሩዙን (መኪናው ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቅበትን) 80 ላይ አደረግኩት። እንዲያውም «ለገጠር መንገድ ይሄን ያህል መፍቀዳቸው!» ብዬ ተገርሜያለሁ።

80 ማይል እኮ 129 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ፖሊሱ በ128 ያዘኝ። «ማይል መስሎኝ ነው» ስለው «ሰሌዳው ማይል ይላል?» አለኝ። ኪሎ ሜትርም አይልም ነበር፣ ግን ዋጥ አደረግኩት። 17 ዓመት ታክሲ ስነዳ አንድ ቲኬት የለብኝም፤ ለዚህ ልዳረግ! ኦንታሪዮ ውስጥ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ከፍጥነት ወሰኑ በ50 ኪሎ ሜትር ካለፍክ፣ እዚያው መንጃ ፈቃድህን ለ30 ቀን፣ መኪናህን ለ14 ቀን ይይዙብሃል። እኔ በ2 ኪሎ ሜትር ነው የተረፍኩት። ልከራከር ብዬ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቢሮ ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አስደምጠውኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ከፈልኩ። «የካናዳ ቅጣት ነው፣ ማን ያገኘኛል» እንዳትል ደግሞ፤ ኒው ዮርክና ኦንታሪዮ ስምምነት አላቸው፣ የቅጣት ነጥቡ የኒው ዮርክ መንጃ ፈቃድህ ላይ ይገባል።

3. መቀየሪያው ካልተገኘልህ ሰሌዳው ላይ ያለውን በ6 አባዛና የመጨረሻዋን ቁጥር ጣላት። 80 ካለ 48፣ 100 ካለ 60 ማይል። ትክክለኛው 50 እና 62 ነው፤ ትንሽ ብታንስ ምን ቸገረህ።

ስትመለስ ግን ሒሳቡን ተወው። እኔ ደንግጬ ስለነበር ኒው ዮርክ ገብቼ 65 የሚል ሰሌዳ ሳይ፣ በ6 አባዝቼ ሃይዌይ ላይ በ39 ማይል ስንፏቀቅ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክሱን አቀለጠው።