ለካንሰር ምርምር ብስክሌት ልትነዱ ለተመዘገባችሁ ልጆች

ዘንድሮ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ብስክሌት እንነዳለን ብላችሁ የተመዘገባችሁ ልጆች፣ እሰየው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የካንሰር ሕሙማንን በማከም ነው። ብስክሌትም እነዳለሁ፤ ዳገት ላይ እንደናንተ ያሉት እየቀደሙኝ ቢሄዱም። ኮርቻው ላይ የሚቀመጠውንም አልጋው ላይ የተኛውንም በቅርብ ስለማውቅ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

ደስ የማይለውን አስቀድሜ ልገላገለው። የምታሰባስቡት ገንዘብ ስሙን ማልያችሁ ላይ ለጻፋችሁለት ሰው ላይደርስለት ይችላል። ምርምር የእጅ በእጅ ነገር አይደለም። ይህን የምለው ሞራላችሁን ልነካ ፈልጌ አይደለም። ሳያውቁት የገቡ ስንት ጎበዞች በዓመቱ "ያን ሁሉ ለፍተን ምን ተገኘ?" ብለው ሲቀዘቅዙ አይቻለሁ። አውቆ የገባ ግን ይቆያል።

አንድ ታሪክ ላውራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ሴል በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከወትሮው ያነሰች ክሮሞዞም (ሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዝ ክር መሰል ነገር) አገኙ። ለምን አነሰች? ማንም አያውቅም። 13 ዓመት አለፈ። በ1973 ቺካጎ ውስጥ ጃኔት ራውሊ የተባሉ ሐኪም ነገሩን ደረሱበት። ለካ የጎደለው ቁራጭ አልጠፋም። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው ኖሯል። ሴትየዋ የክሮሞዞም ፎቶዎችን በመቀስ እየቆረጡ ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩ ነበር። ልጆቻቸው በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይስቁባቸው ነበር። (እግረ መንገዴን፣ እኚህ ሐኪም 80 ዓመት ካለፋቸው በኋላም ሥራ የሚሄዱት በብስክሌት ነበር።)

ከዚያስ? የተገጣጠሙት ቁራጮች አንድ ብልሹ ፕሮቲን እንደሚሠሩ በ1980ዎቹ ታወቀ። ሴሉን ያለ ማቋረጥ ተባዛ፣ ተባዛ የሚለው ይኸው ፕሮቲን ነው። እሱን የሚያስቆመው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር የጀመረው በ1998 ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕሙማን እንዲሰጥ የተፈቀደው በ2001። ከዚያች ትንሽ ክሮሞዞም እስከ መድኃኒቱ 41 ዓመት ሄዷል።

ከዚያ በፊት ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሲመጣ ምርጫችን ጠባብ ነበር። ወይ የመቅኒ ንቅለ ተከላ፣ ወይ በሽታውን ለተወሰነ ጊዜ የሚያዘገይ መድኃኒት። ዛሬ መድኃኒቱን በወቅቱ ካገኙት አብዛኞቹ በየቀኑ እየዋጡ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በ1960 ለዚያ ላብራቶሪ ያዋጣ ሰው በዓመቱ ምን አገኘ ብትሉኝ፣ ምንም ነው መልሴ።

ያልተሳካ የሚመስል ሙከራም ከንቱ አይደለም። በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባሉ የቦስተን ሐኪም የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት አዲስ መድኃኒት ሰጡ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ተሻላቸው። ከአልጋቸው ተነሥተው የተጫወቱ ነበሩ። ከወራት በኋላ ግን በሽታው ተመለሰባቸው። ለእነዚያ ልጆች ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሆኖም የደም ካንሰርን በመድኃኒት መግፋት እንደሚቻል ያኔ ታየ። ሌሎች ተነሥተው መድኃኒቶችን ማቀናጀት ጀመሩ። ዛሬ ጥሩ ሕክምና ባለባቸው አገሮች በብዛት የሚታየው የሕፃናት የደም ካንሰር ከያዛቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ይተርፋሉ።

የፋርበርን ሥራ ለመደገፍ የተቋቋመው ጂሚ ፈንድ ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ የጀመረውም በዚያው በ1948 ነው። በ1980 ደግሞ እናቱን በካንሰር ያጣ ቢሊ ስታር የተባለ ወጣት 36 ብስክሌተኛ አሰባስቦ ለዚሁ ፈንድ ነዳ። የተገኘው 10,200 ዶላር ነበር። ፓን ማስ ቻሌንጅ የሚባለው ይህ ጉዞ እስከ ዛሬ ያሰባሰበው ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። እኔን የሚገርመኝ ቢሊዮኑ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ተመልሰው መምጣታቸው ነው።

ስለዚህ የምትነዱለትን ድርጅት ጠይቁ። ገንዘቡ የት ነው የሚገባው? ከእያንዳንዱ መዋጮ ለዝግጅቱ ወጪ ምን ያህል ይቆረጣል? ለየትኛው ምርምር ይውላል? ጥያቄ ነውር አይደለም። በበኩሌ ለጀማሪ ተመራማሪ የሚሰጥ ገንዘብ ይበልጥብኛል። ትልልቆቹ ሰጪዎች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ውጤት አሳዩን ይላሉ። የመጀመሪያ ውጤት ለማሳየት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ልጁ ጥሩ ሐሳብ ይዞ መሀል ላይ ይቀራል። ከሕዝብ የሚሰበሰብ ገንዘብ ይህችን ክፍተት ሲሞላ ነው ደስ የሚለኝ። አንድ ነገር ደግሞ፣ የምትፈርሙትን አንብቡ። ብዙ ጉዞዎች እያንዳንዱ ነጂ ማሰባሰብ ያለበት ዝቅተኛ መጠን አላቸው። ካልሞላችሁ ቀሪውን ከእናንተው ኪስ ይወስዳሉ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ላይ ልምጣ። ዳገቱ አይደለም፣ ሰው መጠየቁ ነው። ዓይናችሁን በጨው ታጠቡና ጠይቁ። ለራሳችሁ አይደለም እኮ። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ መልእክት ሁሉም ላይክ አድርጎ ያልፈዋል። ለአንድ ሰው ስሙን ጠርታችሁ ስትጽፉለት ግን ዝም ማለት ይከብደዋል። አጭር ይሁን። ለምን እንደምትነዱ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንዲሰጣችሁ እንደምትፈልጉ ቁርጡን ንገሩት። "የቻልከውን" የሚባለው ነገር ሰውን ግራ ያጋባል። ካንሰርን ከምድር እናጠፋለን ብላችሁ ግን አትጻፉ። ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ በሽታዎች ናቸው። እንቢ ያለውን ሰው አትቀየሙት። ቤቱ ማን እንደተኛ አታውቁም።

ስለ ብስክሌቱ ደግሞ። አዲስና ውድ መሆን የለበትም፤ ልካችሁ መሆን አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀመጡና ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱት። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ካለ፣ በፊተኛው የእግራችሁ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። በግርድፉ ልኩ ያ ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበታችሁ ከፊት በኩል ያማችኋል፤ ከፍ ካለ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ግዙ። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም። ሳቁ፤ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ስፌቱ ሲልጣችሁ ትመርቁኛላችሁ።

ልምምዱን በአንድ ሳምንት አትከምሩት። ርቀቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ማረፊያ ቀን ይኑራችሁ። የልብ ሕመም ወይም ሌላ የቆየ በሽታ ያለበት ሐኪሙን ያማክር። ረጅም መንገድ ላይ ሳይርባችሁ ብሉ። ላብ ውሃን ብቻ ሳይሆን ጨውንም ይዞ ይወጣል፤ ባዶ ውሃ ያለ ልክ መጋትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሄልሜት ላይ ክርክር የለም። በቀኑ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ኮርቻ፣ ቀምሳችሁት የማታውቁት ምግብ አይሞከርም።

በቡድን መንዳት ለብቻ ከመንዳት ይለያል። ከሰው ኋላ ስትሆኑ ነፋሱን እሱ ስለሚሰብርላችሁ ጉልበት ትቆጥባላችሁ፤ ዋጋው ደግሞ ፊታችሁን ብዙ አለማየት ነው። የፊት ጎማችሁ ከፊታችሁ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን እንዳይገባ። እሱ ትንሽ ወደ ጎን ቢል የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። ድንገት ፍሬን አትያዙ። ጉድጓድ ያየ ጮክ ብሎ ይናገር። የፊት ፍሬን ኃይለኛ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ በልክ ያዙ፤ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መሀሉ ላይ አይደለም። ጎማ መቀየር ቤት ተለማመዱ። ዝናብ ውስጥ ቆሞ መማር ያስጠላል።

የመጨረሻው ስለ ሕሙማኑ ነው። የሰው ስም ማልያችሁ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት አስፈቅዱ። አንዲት ታካሚዬን የወንድሟ ልጅ ማልያውን ለብሶ ሊጠይቃት መጣ። ጀርባው ላይ ስሟ፣ ከሥሩ "ሁሌም እናስታውስሻለን" ይላል። አየችውና "አንተ፣ ገና አለሁ እኮ!" አለችው። የግሉኮሱ ገመድ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሱ ግን መግቢያ አጣ። ቅን ልጅ ነበር፤ ቀድሞ አልጠየቃትም እንጂ።

"ታገል፣ ታሸንፈዋለህ" የምትለዋንም ቀንሷት። ለአንዳንዱ ታካሚ ብርታት ትሆናለች፣ አውቃለሁ። ሌላው ግን በሽታው ሲብስበት ያልበረታሁት እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ይወቅሳል። በበሽታው የሞቱ ታካሚዎቼ ሰነፎች አልነበሩም። መድኃኒቱ ነው ያልደረሰላቸው። ይልቅ "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" በሉትና መልሱን አዳምጡ። በማረፊያ ጣቢያዎች ቆመው የሚያጨበጭቡላችሁ ሕሙማንና ቤተሰቦች ይኖራሉ። ሰዓት ለማሻሻል ብላችሁ እየበረራችሁ እንዳታልፏቸው። ውድድር አይደለም። ወርዳችሁ ሰላም በሏቸው።

ስትመለሱ በዚያው ሳምንት ለሰጣችሁ ሰው ሁሉ በየስሙ ምስጋና ጻፉ፣ በጠቅላላው ስንት እንደተሰበሰበም አሳውቁት። ከወራት በኋላ ደግሞ አዘጋጆቹ ጋ ደውላችሁ ገንዘቡ የትኛው ላብራቶሪ እንደገባ፣ እዚያ ምን እየተሞከረ እንደሆነ ጠይቁ። መድኃኒት ተገኘ ወይ ብላችሁ አታጨናንቋቸው። አጥጋቢ መልስ ካገኛችሁ ለሰጪዎቻችሁ አስተላልፉት፤ ለከርሞ ስትጠይቋቸው ይጠቅማችኋል። መልስ የማይሰጥ አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ሌላ ጉዞ ፈልጉ። ምዝገባው ቶሎ ስለሚሞላ ብዙ አትዘግዩ።